ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የማኩላ ጉዳት፦ የመሐል እይታን የሚነጥቀው የዓይን ሕመም ምን ያህል የተለመደ ነው?

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ማየት ሲሳናቸው በቅድሚያ የሚነሳው ስም የዓይን ሞራ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኢትዮጵያ ዓይነ ስውርነትን ከሚያስከትሉ ሕመሞች ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ ዓይኑ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ መስሎ፣ ብሌኑም ጠርቶ ሳለ የመሐል እይታን ብቻ እያደበዘዘ የሚሄድ ሌላ ሕመም አለ። ሐኪሞች ይህን ሕመም ከዕድሜ ጋር የተያያዘ የማኩላ ጉዳት ይሉታል። አያምም፣ ዓይንን አያቀላም፣ እንባም አያስፈስስም። በዚህ የተነሳ ብዙዎች «እርጅና ነው» ብለው ይተዉታል፤ ሌሎች ደግሞ ሞራ መስሏቸው «እስኪበስል» ይጠብቃሉ። ከሕመሙ ዓይነቶች አንደኛው ግን በሳምንታት ውስጥ ካልታከመ የማይመለስ ጉዳት የሚያደርስ በመሆኑ፣ ሁለቱን ሕመሞች ለይቶ ማወቅ የዓይንን ብርሃን እስከ ማትረፍ የሚደርስ ዋጋ አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የዓለም የእይታ ሪፖርት፣ በዓለም ዙሪያ ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር 196 ሚሊዮን እንደሚጠጋ አስፍሯል። ከእነዚህ ውስጥ 10.4 ሚሊዮን ያህሉ እይታቸው በመካከለኛ ወይም በከፍተኛ ደረጃ የተጎዳ፣ አልያም ጨርሶ የጠፋ ነው።

ማኩላ ምንድን ነው?

በዓይን ውስጠኛ ክፍል፣ ከኋላ በኩል፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል መልእክት የሚልክ ሬቲና የተባለ ስስ ሽፋን አለ። ማኩላ የሚባለው በዚህ ሽፋን መሐል የሚገኝ፣ ስፋቱ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ቦታ ነው። ቦታው ትንሽ ይሁን እንጂ ሥራው ከባድ ነው። መጽሐፍ ማንበብ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት፣ ከምስር ጠጠር መልቀም፣ የብር ኖት መለየት፣ የሰውን ፊት ማወቅና ቀለም መለየት የሚቻለው በማኩላ ነው። የቀረው የሬቲና ክፍል የዳር እይታን ይሰጣል።

ሕመሙ የሚያጠቃው መሐሉን ብቻ ስለሆነ፣ ታማሚው ግቢውን አቋርጦ መሄድ፣ ከብት መጣብኝ ብሎ ገለል ማለት፣ በሩን አግኝቶ መግባት አይከብደው ይሆናል። ከፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ግን መለየት ይሳነዋል። ይህ የተቃረነ የሚመስል ነገር ቤተሰብን ግራ ያጋባል፤ «መንገዱን እያየ እኔን እንዴት አያየኝም?» የሚል ቅሬታም ያስነሳል።

የሕመሙ መነሻ የሚገኘው ከማኩላ ሥር ባለው የሕዋሳት ንጣፍ ላይ ነው። ይህ ንጣፍ ብርሃን ተቀባዮቹን ሕዋሳት ይመግባል፣ የተቃጠለውንም ያስወግዳል። ዕድሜ ሲገፋ የማስወገድ አቅሙ ይደክምና ድሩሰን የሚባሉ ቢጫማ ክምችቶች ይፈጠራሉ። በዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ታማሚው ምንም አይሰማው ይሆናል። ክምችቶቹ እየበዙና እየሰፉ ሲሄዱ ሕመሙ ወደ መካከለኛ ደረጃ፣ ከዚያም በአንዳንዶች ላይ ወደ መጨረሻው ደረጃ ይሸጋገራል።

የመጨረሻው ደረጃ ሁለት መልክ አለው። ደረቅ በሚባለው ዓይነት የማኩላ ሕዋሳት በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየከሰሙ ይሄዳሉ። እርጥብ በሚባለው ደግሞ ከሬቲና ሥር ጤነኛ ያልሆኑ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅሉና ደምና ፈሳሽ ያፈስሳሉ። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ያለባቸው ደረቁ ዓይነት ነው። እርጥቡ በቁጥር ያነሰ ቢሆንም፣ የመርፌ ሕክምናው ከመገኘቱ በፊት በዚህ ሕመም ምክንያት ለሚደርሰው ከባድ የእይታ መጥፋት ዋናው ተጠያቂ እርሱ ነበር።

ምን ያህል ሰዎችን ያጠቃል?

ለዚህ ጥያቄ በስፋት የሚጠቀሰው መልስ እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ነው። በዚህ መሠረት ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 85 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 8.7 በመቶ ያህሉ የሕመሙ ምልክት በሬቲናቸው ላይ ይታያል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ወደ መጨረሻው ደረጃ የደረሱት 0.4 በመቶ ገደማ ናቸው። በትውልድ ሐረግ ሲለይ በአውሮፓውያን ላይ 12.3 በመቶ፣ በአፍሪካውያን ላይ 7.5 በመቶ፣ በእስያውያን ላይ 7.4 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ይኸው ሥራ የዓለም ሕዝብ ዕድሜ እየጨመረ በመሆኑ የታማሚዎቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2040 ወደ 288 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተንብዮአል።

አማካዩ ቁጥር ግን የዕድሜን ኃይል ይሸፍናል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ቢቨር ዳም በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1990 በተደረገ ምርመራ፣ ዕድሜያቸው ከ43 እስከ 54 ከሆኑት መካከል የመጨረሻው ደረጃ የታየባቸው ከሺህ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። 75 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ግን 7.1 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከአሥራ አራት ሰዎች አንዱ፣ በዚህ ደረጃ ላይ ተገኝተዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን ከልጆቻቸው ጋር በሚኖሩባት በዚያች አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል 19.8 ሚሊዮን ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉት በመጨረሻው ደረጃ ላይ እንዳሉ ተገምቷል።

«የነጮች በሽታ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ደግሞ ከጎረቤት ኬንያ የተገኘው መረጃ ያሳያል። በናኩሩ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ነዋሪዎች ተመርምረው፣ የመጀመሪያው ደረጃ በ11.2 በመቶ፣ የመጨረሻው ደረጃ በ1.2 በመቶ ላይ ታይቷል።

በኢትዮጵያ የሚታወቀው

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከአገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን አመልክቷል። ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች የዓይን ሞራ ግማሽ ያህሉን በመያዝ ቀዳሚ ሲሆን፣ በትራኮማ ምክንያት የሚመጣ የብሌን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ፣ የማኩላ መበላሸት 4.8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ይህ ማለት ብርሃናቸውን ካጡ ሃያ ሰዎች አንዱ ገደማ ያጣው በማኩላ ጉዳት ምክንያት ነው።

ይህ ቁጥር ከላይ ከተጠቀሱት ጋር መምታታት የለበትም። ከጎተራ ከጎደለው እህል ነቀዝ የበላው ምን ያህሉ ነው የሚለውና በጎተራው ካለው እህል ምን ያህሉ ነቀዝ ገብቶበታል የሚለው የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። 4.8 በመቶ የሚለው ከጠፋው ብርሃን የማኩላ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ይነግራል እንጂ፣ ከአረጋውያኑ ስንቱ ሕመሙ እንደጀመራቸው አይናገርም።

ሕመሙ ከዓይን የሚሰወርበትም ምክንያት አለ። አንደኛው የሕዝቡ ወጣትነት ነው፤ ከጠቅላላው ሕዝብ የአረጋውያን ድርሻ ትንሽ በመሆኑ የታማሚው ቁጥርም ትንሽ መስሎ ይታያል። የአንድ የ75 ዓመት ሰው ስጋት ግን በአገሩ ሕዝብ ወጣትነት ምክንያት አይቀንስም። ሁለተኛው ሞራው ራሱ ነው። ብሌንን የሸፈነ ሞራ ለታማሚው ዓለምን እንደሚጋርድበት ሁሉ፣ ለሐኪሙም ሬቲናውን ይጋርድበታል። ሦስተኛው የምርመራው ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ለማወቅ ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምሮ በልዩ መሣሪያ ማየት ወይም ሬቲናውን ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር በተለይ የቀዶ ሕክምና ተራ ለሚጠባበቁ ቤተሰቦች መታወቅ አለበት። ሞራ ከተገፈፈ በኋላ እይታው እንደተጠበቀው ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከሞራው ኋላ ተሰውሮ የቆየ የማኩላ ጉዳት ነው። በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ቤት ከመቀመጥ ይልቅ ተመልሶ ሬቲናን ማስመርመር ይገባል።

የኢትዮጵያውያን አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ካለፉት አሥርት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር በብዙ ጨምሯል፤ ሞራና ትራኮማን ለመቀነስም ሰፊ ሥራ ተሠርቷል። ሰው ረጅም ዕድሜ ሲኖርና ሌሎቹ መንስኤዎች ሲቀንሱ፣ የማኩላ ጉዳት የሚኖረው ድርሻ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው።

ከሌሎች የዓይን ሕመሞች በምን ይለያል?

በሞራ ጊዜ ዓለሙ ሁሉ በጭስ ወይም በቆሸሸ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ይደበዝዛል፤ ሲበረታም በብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። በትራኮማ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ብሌንን እየፋቀ ያሳምማል፣ ያስለቅሳል። ግላኮማ በአብዛኛው የሚጀምረው የዳር እይታን በማጥበብ ነው። የማኩላ ጉዳት ግን ያለ ሕመም መሐሉን ይይዛል። ዋና ዋና ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፦

• ቀጥ ያለ ነገር መጉበጥ። የበር መቃን፣ የቤት ምሰሶ ወይም የደብተር መስመር የታጠፈ ወይም የተወላገደ መስሎ ይታያል።
• በሚመለከቱት ነገር መሐል ላይ ጥቁር ወይም የደበዘዘ ነጥብ መታየት።
• የሰውን ፊት መለየት አለመቻል፣ በማንበብ ጊዜም ከቃሉ መሐል ፊደል መጥፋት።
• ከቀድሞው የበለጠ ብርሃን መፈለግ፣ ከፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት ሲገቡም ቶሎ አለመላመድ።
• ቀለማት መደብዘዝ።

አንደኛው ዓይን ጤነኛ ከሆነ የሌላኛውን ጉድለት ስለሚሸፍን ሕመሙ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንድን ዓይን በእጅ ሸፍኖ በሌላው ብቻ ማየት ቀላልና ጠቃሚ ፍተሻ ነው። ለዚህ የሚያገለግለውን ባለ ካሬ ሰንጠረዥ ያዘጋጀው ስዊዘርላንዳዊው የዓይን ሐኪም ማርክ አምስለር ሲሆን፣ ሰንጠረዡም በስሙ ይጠራል። ሰንጠረዡ ከሌለ ልጆች ለሒሳብ የሚጠቀሙበት ባለ ካሬ ወረቀት መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ተደርጎበት ሊያገለግል ይችላል። የንባብ መነጽር ያለው ሰው መነጽሩን አድርጎ፣ ወረቀቱን ከዓይን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ፣ በእያንዳንዱ ዓይን በተራ ነጥቡን ይመልከት። መስመሮቹ ከተወላገዱ፣ ከተቆራረጡ ወይም የተወሰኑ ካሬዎች ከጠፉ ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ፍተሻው ምንም አለማሳየቱ ግን የሐኪም ምርመራን አይተካም።

ማንን በይበልጥ ያሰጋል?

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ዕድሜ ነው፤ ይህን መለወጥ አይቻልም። ሁለተኛው የቤተሰብ ውርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሕመሙ ጋር የጠበቀ ግንኙነት ያለው ዘረመል መገኘቱ በይፋ ታውቋል፤ ወላጁ ወይም ወንድምና እህቱ የታመመበት ሰው ዓይኑን ቀድሞ ቢያስመረምር ይመከራል። በሰው እጅ ካሉት መካከል ግን ማጨስን የሚያህል የለም። የሚያጨስ ሰው በሕመሙ የመያዝ ዕድሉ ከማያጨሰው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። የደም ግፊትና ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ከሕመሙ ጋር ይያያዛሉ።

በምግብ ረገድ ካሮት ብቻውን መድኃኒት ተደርጎ ይነገራል። ካሮት ለዓይን የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ እንደሚሰጥ እውነት ነው፤ ማኩላን የሚጠብቁት ሉቲንና ዚያዛንቲን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ግን በይበልጥ የሚገኙት በጎመን፣ በቆስጣ፣ በእንቁላል አስኳልና በቢጫ በቆሎ ውስጥ ነው። ዓሣ መመገብም ይመከራል። በጓሮ የሚበቅለው ጎመን ከከተማ ከሚገዛው ብዙ ነገር የተሻለ ለዓይን ይጠቅማል።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብዙ በማንበብ ወይም መጽሐፍን በኩራዝ ብርሃን በማየትም አይመጣም። የፀሐይ ብርሃን ያለውን ድርሻ በተመለከተ ጥናቶች አንድ ዓይነት ውጤት አላስገኙም፤ ፀሐይን በቀጥታ መመልከት ግን ማኩላን እንደሚያቃጥል የተረጋገጠ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢው የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በታየበት ጊዜ ያለ ልዩ መከላከያ እንዳይታይ ማሳሰቢያ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነበር። ይህ ጉዳት ግን ከዕድሜ ጋር ከሚመጣው የተለየ ነው።

ሕክምናው

እርጥቡ ዓይነት የሚታከመው የደም ሥሮቹን እድገት የሚገታ መድኃኒት በቀጭን መርፌ ወደ ዓይን ውስጥ በመስጠት ነው። ዓይን ላይ መርፌ የሚለው ቃል ቢያስፈራም፣ አስቀድሞ የማደንዘዣ ጠብታ ስለሚደረግ ሕመሙ ቀላል ነው። ሕክምናው በመጀመሪያ በየወሩ፣ ከዚያም ሐኪሙ እያየ በሚያራርቀው ጊዜ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ተወግቶ መተው የተገኘውን ውጤት መልሶ ያሳጣል። ራኒቢዙማብ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ለዚህ ሕመም ተፈቅዷል። በመጀመሪያ ለካንሰር ሕክምና የተሠራውና ዋጋው በብዙ የሚያንሰው ቤቫሲዙማብ በውጤት ከእርሱ እንደማያንስ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነ ጥናት ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። መድኃኒቱ ፍሳሹን ያደርቃል፣ የቀረውን እይታ ይጠብቃል፣ በብዙዎችም ላይ ያሻሽላል። ጠባሳ ከተፈጠረ በኋላ ግን የሚመልሰው ነገር የለም፤ በቶሎ መድረስ ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለደረቁ ዓይነት የጠፋውን እይታ የሚመልስ መድኃኒት የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የተፈቀዱ ሁለት መርፌዎችም የሕዋሳቱን መክሰም ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም። በዚያው አገር ብሔራዊ የዓይን ተቋም የተመራው ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳየው፣ የተወሰኑ ቫይታሚኖችና ዚንክ በከፍተኛ መጠን መውሰድ ሕመሙ በመካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ወደ መጨረሻው ደረጃ የመሸጋገር ዕድሉን በ25 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ይህ ጉዳይ ከውጭ አገር ዘመድ «የዓይን ቫይታሚን» የሚላክላቸውን አረጋውያን በቀጥታ ይመለከታል። እንክብሎቹ ጤነኛ ሰው እንዳይታመም አይከላከሉም፤ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላለም ጥቅማቸው አልተረጋገጠም። በቀድሞው ቅንብር ውስጥ የነበረው ቤታ ካሮቲን በሚያጨሱ ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰርን ስጋት ስለሚጨምር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ጥናት በሉቲንና በዚያዛንቲን እንዲተካ አድርጓል። ስለዚህ ከመዋጥ በፊት ሐኪምን ማማከር ያስፈልጋል። ዓይን ላይ ቅጠል መጭመቅም ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጠብታ መጨመር ከዓይን ጀርባ ላለ ሕመም አይደርስም፤ ይልቁንም ጤነኛውን የፊት ክፍል ሊያቆስል ይችላል።

ምልክቱ የታየበት ሰው በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ጀምሮ የዓይን ክፍል ወዳለው ሆስፒታል፣ ከዚያም በሪፈር የሬቲና ሐኪም ወዳለበት ከፍተኛ ሆስፒታል መድረስ ይችላል። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ፣ በሰሜኑ ክፍል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የሚታወቁ ናቸው። ለባለሙያው «ዓይኔ ደከመ» ከማለት ይልቅ «ቀጥ ያለው ነገር ጎብጦ ይታየኛል» ወይም «መሐሉ ጠፋብኝ» ብሎ ማስረዳት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም መናገር፣ ጉዳዩ በአስቸኳይ እንዲታይ ይረዳል።

ከሕመሙ ጋር መኖር

የማኩላ ጉዳት ሰውን ሙሉ በሙሉ ጨለማ ውስጥ አይጥልም፤ የዳር እይታ በአብዛኛው ይተርፋል። በቤት ውስጥ ብርሃን መጨመር፣ በጉልህ ፊደል የታተመ መጽሐፍ መጠቀም፣ አጉሊ መነጽር መያዝና የስልክን ጽሑፍ ማተለቅ ሥራን ያቀላሉ። ቡና በነጭ ሲኒ መቅዳት፣ የደረጃን ጠርዝ በደማቅ ቀለም መቀባት፣ ከመተላለፊያ ላይ ዕቃ ማንሳትም መደናቀፍንና መውደቅን ይከላከላሉ። ብዙ ታማሚዎች ዓይናቸውን ወደ ጎን መለስ አድርገው በዳር እይታቸው ማየትን ይለምዳሉ።

ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። እይታቸው ከተጎዳ ሰዎች አንዳንዶቹ በቦታው የሌለ ነገር፣ ለምሳሌ ሰው፣ እንስሳ፣ አበባ ወይም ጥልፍ፣ ይታያቸዋል። ይህ የቻርልስ ቦኔት ምልክት ይባላል። ስያሜው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1760 የአያቱን ሁኔታ ከጻፈው ስዊዘርላንዳዊ ምሁር ነው። ከዓይን የሚደርሰው መልእክት ሲቀንስ አንጎል ራሱ ምስል ስለሚፈጥር የሚመጣ እንጂ የአእምሮ መታወክ ወይም የክፉ መንፈስ ሥራ አይደለም። ብዙ አረጋውያን «አበዱ» እንዳይባሉ ፈርተው ይህን ይደብቃሉ። ምክንያቱን ማወቅ ብቻውን ለብዙዎች እፎይታ ይሆናል፤ ለሐኪምም መንገር ይገባል።

በገበያም ሆነ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ሰላምታ ሳይሰጡ የሚያልፉ አዛውንት ንቀው ላይሆን ይችላል፤ ፊት መለየት ተስኗቸው ሊሆን ይችላል። ስምን ጠርቶ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ቀድሞ ሰላም ማለት ከእንዲህ ዓይነቱ አለመግባባት ያድናል። በዕድሜ ለገፋ ሰው ደግሞ ምልክት ባይኖረውም፣ ሬቲናን የሚጨምር የዓይን ምርመራ በየጊዜው ማድረግ ሕመሙን ገና ሳይበረታ ለማግኘት ዋነኛው መንገድ ነው።